ኑዛዜ በሁለት ሽማግሌ አይጸናም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤት ግዢና ስለ ኑዛዜ ያወጣችሁት ምክር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለ ቤቱ ደኅና ብላችኋል፤ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እግድ እንዳለበት ይጣራ፣ ባለትዳር ከሸጠ ሁለቱም ይፈርሙ ብላችኋል። ኑዛዜው ላይ ስትደርሱ ግን «ሁለት የታመኑ ሽማግሌዎች ባሉበት ተጽፎ ይፈረም» ብላችሁ አለፋችሁት። ይህ ምክራችሁ ቤት ያፈርሳል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 የሚለው አራት ምስክር ነው። ሁለት የሚበቃው አንደኛው ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ ሲመሰክር ነው። ኑዛዜው በተናዛዡና በአራቱ ፊት መነበቡ፣ የተነበበበትም ቀን፣ እዚያው ወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። መነበቡ ካልተጻፈ ፈራሽ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አባቴ የጓሮውን ሁለት ክፍል ላስታመመችው ታናሽ እህቴ ሲናዘዝላት አልጋው አጠገብ ነበርኩ። የንስሐ አባቱ፣ የእድሩ ዳኛና ሁለት ጎረቤቶች፣ አራት ሙሉ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው በደብተር ቅጠል ላይ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ አባቴም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አተመ። መነበቡን ግን ማንም አልጻፈም። ወንድሞቼ ሲቃወሙ አራቱም ፍርድ ቤት ቀርበው «በፊታችን ተነቧል» ብለው ማሉ። ዳኛው ቅጠሏን ገልብጠው አዩና «እዚህ ላይ የለም» አሉ። ቤቱ ተሸጦ ለሰባት ተካፈልነው። እህቴ ዛሬ በኪራይ ቤት ናት።

«ኑዛዜ ሞት ይጠራል» የሚሉ አሉ፤ አባቴ ከተናዘዘ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሯል። «ልጆቼ ይዋደዳሉ» ለሚሉም፣ እኛ ሰባታችን እስከዚያ ክርክር ድረስ ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ሲናዘዙም ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቁጥር 858 ዋጋ የለውም ይላል፤ ለየብቻ ይጻፉ። ደላላ ሻይ ቤት ውስጥ የሚያስፈርመው የቤት ሽያጭ ውልስ? ቁጥር 1723 በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ይመዝገብ እያለ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ በመንደር ውል ይከፍላል። ይህንንም ዝም አላችሁት።

በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አርሙት። መጽሔታችሁን ይዞ የአባቱ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አለና፣ አራት ምስክር በሉት፤ መነበቡም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ በሉት።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ