አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሳይፈርስ አዳራሹ ይሠራ





በሮቤም ሆነ በጎረቤቷ በጎባ በክብረ በዓል ቀን ብዙ ሕዝብ ደጅ ቆሞ ያስቀድሳል። ባሌም በበልግና በክረምት ዝናም የማይለየው ደጋ ነው። ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤት፥ ለሠርግና ለማኅበር የሚሆን አዳራሽ ቢፈለግ አያስደንቅም። የሚያሳዝነው የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ በተቋቋመ ቍጥር «አሮጌው ይፍረስ» የሚል አሳብ መነሣቱ ነው።

አባቶቻችን ክቡን ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ብለው ከፍለው የሠሩት ለቅዳሴ እንጂ ለስብሰባ አይደለም። ወንበር ለማስገባት ግድግዳውን ብናነሣ ለሁለቱም የማይመች ቤት ይሆናል። «እናድሰው» ተብሎ የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰንም ከውጭ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። በመቅደሱ ግድግዳ የተለጠፈው የሸራ ሥዕልም አብሮ ይበላሻል።

ለዚህ ነገር አክሱም ጥሩ አብነት ናት። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሴቶች የማይገቡበት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወንዱም ሴቱም የሚጸልይበት ሰፊ ካቴድራል ሲያሠሩ የፋሲልን ሕንፃ አላፈረሱም፤ አዲሱን አጠገቡ አቆሙት፤ ሥራውም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተፈጸመ። (የአዲሱ ሕንፃ መልክ ለእኔ ብዙም አላማረኝም፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው።)

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ የሚጠገነው የሚመለከተው ባለሥልጣን አስቀድሞ ሲፈቅድ መሆኑን ደንግጓል። ከኮሚቴ አባላት ብዙዎቹ በሥራ ቀን ደንብ የሚያስከብሩ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸውና፥ እሑድ ሲሆን ደንቡን ባይረሱት መልካም ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ በመሆኔ «ምን አገባህ?» የሚለኝ አይታጣም። ተማሪዎቼ የአገራቸውን የአናጢነት ጥበብ የሚያዩበት ሌላ ቤት ስለሌለ ያገባኛል።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚሉም፥ የጣሪያውን ቆርቆሮ መጠገንና ውሃው ከግድግዳው የሚርቅበትን ቦይ መቆፈር አዲስ ሕንፃ ከማቆም እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። አዳራሹ በግቢው ዳር ቀስ ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ ቦዩ ግን ከክረምቱ በፊት ቢቆፈር ይሻላል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሮቤ