የመኪና ዜማ በጾም ወራት

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ዛሬ ያለ ዜማ አይሄድም። ልጅየው የእጅ ስልኩን በገመድ ወይም በብሉቱዝ ከመኪናው ቴፕ ጋር ያገናኘዋል፤ መኪናው አሮጌ የሆነበትም ፍላሽ ተቀብላ ድምፁን በኤፍ ኤም ሞገድ ወደ ራዲዮኑ የምታደርስ ትንሽ መሣሪያ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ይሰካል።

እኛ ይህን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ስልክ የወቅቱን ሥርዓት አያውቅም። ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም ከበሮዋንና ጸናጽሏን ታሳርፋለች፤ በአቋቋም ትምህርቷ ስመ ጥር በሆነችው በጎንደር በአታ ሳይቀር ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ጾመ ድጓውን ያዜማሉ። በየመኪናችን ግን የጥምቀቱ ከበሮ በዘወረደም በሰሙነ ሕማማትም ያለ ዕረፍት ይመታል። ጉዳቱ የሚታወቀው በፋሲካ ሌሊት ነው። ጾሙን ሙሉ ከበሮ ሳይሰማ የከረመ ሕፃን የትንሣኤው ከበሮ ሲመታ ከእናቱ ጉያ ብድግ ይላል፤ በመኪና ሲሰማው የከረመው ግን እንቅልፉን አይተውም።

ለጾሙ ወራት የሚስማማው በገና ነው፤ የመጋቤ ስብሐት አለሙ አጋን የመሳሰሉ የታወቁ ደርዳሪዎች ቅጂ አለና። አሥሩ አውታሮች ከሥራቸው የቁርበት ቁራጭ ስለሚገባላቸው ድምፃቸው እንደ ንብ ይነዝራል። ይህን ያላወቀ ጎልማሳ የድምፅ ማጉያው የተበላሸ እየመሰለው ገመዱን ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል፤ ምስኪኑ ገመድ ምን አጠፋ!

የበገና ድምፅ ዝግ ያለ ነውና ዳገት ላይ ሞተሩ ይውጠዋል። ያን ጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍ፣ የመኪናውን መጠነኛ ማድረግ ይበጃል፤ ስልኩ ዝቅ ብሎ መኪናው ከፍ ያለ እንደ ሆነ ሽውታው ከዜማው ጋር አብሮ ይጎላል። በደጋው ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ የሚሰማው ሁሉ ከቤት ሳይወጡ በስልኩ ላይ ይጫን። የቤቱ አባወራም ልጁን «የጾም» እና «የፋሲካ» ብለህ በሁለት ክፍል ለይልኝ ቢለው፣ ልጁ ይህን ለመሥራት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ዓመቱን ሙሉ በመኪና ውስጥ ከመከራከር ያድናል።

በሚኒባስ የሚያሽከረክሩ ወንድሞቻችን ደግሞ አስቀድመው ተሳፋሪውን ይጠይቁ። ከመካከላቸው የሌላ እምነት ተከታይ፣ ሕመምተኛ፣ ወይም ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይኖራል፤ መዝሙርም ቢሆን በግድ ሲጋቱት ይመራል።

ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር ግን በገናውንም ይዝጋው። በዚያ ጠመዝማዛ ከመታጠፊያው ማዶ የሚመጣው የጭነት መኪና ከመታየቱ በፊት የሚሰማው ክላክሱ ነው።