የባለጉዳይ ምሥጢር በጠበቃ ጽሕፈት ቤት

ሰው ሕመሙን ለሐኪሙ፥ ኃጢአቱን ለንስሓ አባቱ፥ ክርክሩን ለጠበቃው ሳይሸሽግ መናገር ግድ ይሆንበታል። የደበቀ እንደሆነ ሕመሙም አይድንለትም፥ ሙግቱም አይቃናለትም። ስለዚህ ውርስ የሚካፈል ሰው ለወንድሙ ያልገለጸውን የሀብቱን ልክ፥ በፍች የምትከራከር ሴት ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን የቤቷን ጉዳት፥ አባቱ የካደው ልጅ የትውልዱን ነገር፥ ሁሉንም አምጥተው በጠበቃው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል።

ነገር ግን በንስሓ አባትና በጠበቃ መካከል አንድ ልዩነት አለ። የንስሓ አባት የሰማውን በልቡ ይዞ ይሄዳል እንጂ በወረቀት አያኖረውም። ጠበቃ ግን ይጽፈዋል፤ ጽፎም ለፍርድ ቤት፥ ለተከራካሪው ወገንና ለራሱ መዝገብ ያባዛዋል። ከዚህ የተነሣ የጠበቃ ታማኝነት አንደበቱን በመግታት ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ወረቀቱን፥ ሣጥኑን፥ መሣሪያውንና ሠራተኛውንም መጠበቅ አለበት።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 ጠበቃና ሐኪም በሥራቸው ምክንያት ያወቁትን ምሥጢር ቢገልጡ እንዲቀጡ ያዛል። እነዚህ አንደበትን የሚያስሩ ናቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ከአንደበት አልፎ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ዳታ የሚለው ቃል ለጆሯችን እንግዳ ቢሆንም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የሰው ስሙ፥ መኖሪያው፥ ጤናው፥ ገንዘቡና ሃይማኖቱ ተጽፎ ሲቀመጥ ማለት ነው። አዋጁ የተጻፈው ነገር ከተሰበሰበበት ጉዳይ ውጭ እንዳይውል፥ ከሚያስፈልገውም ጊዜ አልፎ እንዳይቀመጥ ያዛል። ባለቤቱም ስለ ራሱ የተጻፈውን አይቶ የተሳሳተውን እንዲያሳርም መብት ይሰጠዋል። የዚህ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እንግዲህ ምሥጢር የሚወጣው በየት በኩል ነው? እንደ እኛ አስተያየት በጠበቃው አፍ ከሚወጣው ይልቅ በእጁ አልፎ የሚወጣው ይበዛል። በፍርድ ቤቶች ደጃፍ ኮምፒዩተር አኑረው ለሰው የሚጽፉ ቤቶች አሉ። የጠበቃው ረዳት የክሱን ረቂቅ በፍላሽ ይዞ ይገባል፤ ጸሐፊዋም ከፍታ ታርማለች፥ ታትማለች፥ ሒሳቧን ተቀብላ ወደሚቀጥለው ሰው ትሻገራለች። ጽሑፉ ግን በመሣሪያው ውስጥ ቀርቷል። ነገ የተከሳሹ ረዳት መልሱን ሊያስጽፍ ወደዚያው ቤት ቢመጣ በዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጸሐፊዋ ስለ ምሥጢር የማለችው መሐላ የለም፥ የነገራትም የለምና እርሷን መውቀስ አይገባም። ፈቃድ ያወጣው ጠበቃ ራሱ የባለጉዳዩን የሕክምና ማስረጃ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ሲልክ፥ ያው ስልክ ማታ በቤት የልጆች መጫወቻ ሲሆን ምን እንላለን? ስሕተት የገባበት ወረቀትም በቅርጫት ይጣላል፤ ከቅርጫቱ ወደ ቆራሌው፥ ከቆራሌው ወደ ጉልት ይሄድና ቆሎ ይጠቀለልበታል። የሰው ትዳር የፈረሰበትን ምክንያት ከቆሎ መጠቅለያ ላይ የሚያነብ መንገደኛ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም።

አንዳንድ ሰዎች ግን ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነውና የምን ምሥጢር ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነትን በከፊል የያዘ ነው። ነገር ግን ስለ ተከሰሱ ሰዎች መብት የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ራሱ፥ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ጉዳይ በዝግ ችሎት ሊሰማ እንደሚችል ይፈቅዳል። ከዚህም በላይ በችሎት የሚነገረው ለክርክሩ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ባለጉዳዩ ለጠበቃው ከነገረው ብዙው ከመዝገቡ አይወጣም።

ለትንሽ ጽሕፈት ቤት ወጪው ይከብዳል የሚሉም አሉ። የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፥ የይለፍ ቃል ያለው መሣሪያ፥ ሠራተኛው ምሥጢር እንዲጠብቅ ፈርሞ የሚገባበት አንድ ገጽ ውል፥ የተበላሸውንም ወረቀት ቀዶ ማቃጠል፥ ይህ ሁሉ ቢደመር የአንድ ጉዳይ አበል አያህልም። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ ለጉዳዩ የማያስፈልገውን ከመጀመሪያው አለመቀበል ነው። ስለ ቤት ኪራይ የሚከራከርን ሰው የጤና ማስረጃ መጠየቅ ምን ይጠቅማል?

በዚህ ነገር የመንግሥት ሠራተኞችም ድርሻ አለብን። ጠበቃ ነኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ፥ የውክልና ሥልጣኑን ሳይመለከቱ፥ አንድ ገጽ ሲፈለግ ሙሉውን ፋይል አውጥቶ ፎቶ ኮፒ እንዲደረግ መስጠት በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ደግነት ይቆጠራል። ለጠያቂው ደግነት ቢሆን ስሙ በፋይሉ ላለው ሰው በደል ነው።

ጉዳዩ ሲያልቅስ? ሁሉን ወዲያው ማቃጠል አይገባም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845 ከውል ለሚነሣ ክስ 10 ዓመት ይሰጣልና ባለጉዳዩም ጠበቃውም ሰነዱን ሊፈልጉት ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። ጠበቃው በዚህ መካከል ቢሞት መዝገቡን ማን ይረከባል? በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰብስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ በድርጅት ያለ መዝገብ አንዱ ሸሪክ ቢሞት ሌላው ይጠብቀዋል። ብቻውን የሚሠራው ግን ሲሞት ቁልፉ በሚስቱ ወይም በልጁ እጅ ይወድቃል። ለሰው ሁሉ ኑዛዜ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለ ሣጥኑ አንድ መስመር ሳይጽፍ መሞቱ ያሳዝናል። ወራሾቹ የቤቱን ኪራይ ለማቆም ሲቸኩሉ ወረቀቱን በኪሎ ቢሸጡት ምን ያውቃሉ? በዚሁ አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ሁሉ በሕይወቱ ሳለ የተረካቢ ባልደረባውን ስም እንዲያስመዘግብ ቢያደርግ፥ ሞትም በደረሰ ጊዜ ቤቱ ለሌላ ከመከራየቱ በፊት ሁለት ሰዎች ልኮ መዝገቡን እየቆጠረ ለባለጉዳዮቹ ወይም ለተረካቢው ቢያስረክብ ሥራው ከጥቂት ቀን አይበልጥም።