በናይሮቢ የሕንፃ ደኅንነት ቦርድ ወንበሩ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 መጨረሻ፣ ከባድ ዝናብ በጣለበት ምሽት፣ በናይሮቢ ሁሩማ ሰፈር አንድ ባለብዙ ፎቅ የኪራይ ቤት ተደርምሶ 50 ያህል ሰዎች ሞቱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕንፃው የተሠራው ወንዝ ዳር ነበር። ሰው እንዲኖርበት የሚያስችል ፈቃድ አልነበረውም። እንዲፈርስም ምልክት ተደርጎበት ነበር። እንግዲህ አደጋው አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው። የጠፋው አደጋውን የሚያውቀውን ቢሮ፣ ውሳኔ የሚሰጠውን ባለሥልጣንና በቤቱ የሚያድረውን ተከራይ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ አሠራር ነው።

የፈረሰ ሕንፃ በተወራ ቁጥር ወሬው ወደ ሙስናና ወደ ደካማ ሕግ ይሄዳል። ሁለቱም ሊነሱ ይገባል። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ፦ ደኅንነታችንን እንዲጠብቁ በተቋቋሙት ቦርዶችና ኮሚሽኖች ውስጥ የተቀመጡት እነማን ናቸው? የአባላቱ ስብጥር እስካልተለወጠ ድረስ ደንቡ ቢታደስም ውሳኔው ያው የቀድሞው ይሆናል።

ኬንያ ደንብ አጥታ አታውቅም። ለረጅም ዘመን የሠራችበት የሕንፃ ደንብ የ1968 ነው። በ1973 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥን ታሳቢ ያደረገ የግንባታ መመሪያ አውጥታለች፤ ይህን ያደረገችውም በበቂ ምክንያት ነው። በጃንዋሪ 1928 ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ሱቡኪያ በሬክተር መለኪያ 7 የሚጠጋ ርዕደ መሬት ደርሶ፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ በአሥራዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ስንጥቅ ትቶ አልፏል። ያን ጊዜ በአካባቢው የሰፈረው ሰው ጥቂት ነበር፤ ናይሮቢም ትንሽ ከተማ ነበረች። በ2019 የሕዝብ ቆጠራ ግን የከተማዋ ነዋሪ 4.4 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። በጁላይ 2007 ሰሜን ታንዛኒያ በናትሮን ሐይቅ አካባቢ ሲናወጥ፣ የናይሮቢ የቢሮ ሠራተኞች ከፎቅ ወርደው ወደ አደባባይ ወጥተዋል። ሕንፃዎቹ አልፈረሱም። ይሁን እንጂ ያ ርዕደ መሬት 6 እንኳ አልሞላም፣ መነሻውም ሩቅ ነበር። በዝናብ ብቻ የሚደረመስ ሕንፃ ባለበት ከተማ የሱቡኪያን ያህል ርዕደ መሬት ቀረብ ብሎ ቢነሳ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለመገመት ሳይንቲስት መሆን አያሻም።

ታዲያ በኬንያ ይህን የሚጠብቀው ማን ነው? ሥራው ተበታትኗል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የካውንቲው አስተዳደር ነው። ኮንትራክተሮችን የሚመዘግበውና ሥራቸውን የሚቆጣጠረው በ2011 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የግንባታ ባለሥልጣን ነው። በ2015 ደግሞ ተከታታይ የሕንፃ መደርመስ ከደረሰ በኋላ የሕንፃ ምርመራ ቢሮ ተጨመረ። ይህ ቢሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን መርምሮ አብዛኞቹ ለደኅንነት አስጊ ናቸው ብሏል። የምርመራውን ውጤት በተግባር ማዋል ግን የሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ይጠይቃል፤ እዚያ ሲደርስም ነገሩ ይላላል።

የብሔራዊ የግንባታ ባለሥልጣኑ ቦርድ አወቃቀር ክብደቱ በግልጽ ወደ ዘርፉ ያጋደለ ነው፦ ከመንግሥት ተወካዮች ጎን የአርክቴክቶች፣ የመሐንዲሶችና የኮንትራክተሮች ማኅበራት ዕጩ ያቀርባሉ። እነዚህ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ፌሮው የቀጠነበትን፣ አሸዋው የበዛበትን፣ ኮለኑ ያነሰበትን ሕንፃ ከእነሱ በላይ የሚለይ የለም። ነገር ግን ኑሯቸው የተመሠረተው ግንባታው በመቀጠሉ ላይ ነው። «ይቁም» ማለት የራሳቸውን ባልደረባ መንካት፣ ምናልባትም የራሳቸውን ገበያ ማጥበብ ይሆንባቸዋል። ሰዎቹ ታማኝ ቢሆኑም እንኳ ሁሉም ከአንድ ወገን የመጣበት ስብሰባ የሚያነሳው ጥያቄ የዚያን ወገን ጥያቄ ብቻ ይሆናል።

ካሊፎርኒያ ይህን የተማረችው በሐዘን ነው። በ1971 በሳን ፈርናንዶ ርዕደ መሬት ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ፈርሰው ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከአራት ዓመት በኋላ የርዕደ መሬት ደኅንነት ኮሚሽን ተቋቋመ። እኔን የሚማርከኝ ሕጉ ወንበሮቹን በዘርፍ በዘርፍ ለይቶ ማስቀመጡ ነው፦ ለርዕደ መሬት ጥናት፣ ለሥነ ምድር፣ ለስትራክቸር ምሕንድስና፣ ለእሳት አደጋ መከላከል፣ ለኢንሹራንስ፣ ለአካባቢ አስተዳደር፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት። ፎቁን የሚሠራውም፣ ከፍርስራሹ ሥር ሰው የሚያወጣውም፣ ከዚያ በኋላ ቤት ያጣውን የሚያስጠጋውም አብረው ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ 17 የነበሩት አባላት ኋላ 20 ሆኑ፤ የተጨመሩትም የአደጋ ጊዜ አገልግሎትን፣ የሕንፃ ደረጃዎችን ኮሚሽንና የግዛቱን አርክቴክት ቢሮ የሚወክሉ ናቸው። ምክር የሚያወጣውን አካል ምክሩን ከሚያስፈጽሙት ጋር ያገናኘ ለውጥ ነው፤ የናይሮቢ ትልቁ ክፍተትም እዚሁ ላይ ነው።

አባልነትን መለወጥ ግን ሁልጊዜ ወደ በጎ አያመራም። የቱርክ ፓርላማ በ2013 የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ማኅበራት ኅብረት የግንባታ ዕቅዶችን አይቶ የማጽደቅ ሥልጣኑን ነጠቀው። በ2018 ደግሞ ያለ ሕግ ለተሠሩ ሕንፃዎች ምሕረት የሚሰጥ አዋጅ ወጣ። በ2023 ርዕደ መሬት ሲመጣ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ያ ሁሉ ሞት የእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ውጤት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ርዕደ መሬቱ ራሱ እጅግ ኃይለኛ ነበር። ሆኖም «ተው» ሊል የሚችለው ድምፅ ከጠረጴዛው እንዲነሳ ተደርጓል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ ተራ ሰው ምን ይጨምራል?» የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። የኮንክሪቱን ጥንካሬ የሚለካው መሐንዲሱ ነው። ግድግዳው ባለፈው ክረምት መሰንጠቁን፣ ባለቤቱ ያልተፈቀደ ፎቅ በሌሊት መጨመሩን፣ ፍሳሹ ወደ መሠረቱ መግባቱን የሚያውቀው ግን ተከራዩ ነው። ርካሽ ቤት ፍለጋ እዚያ የገባ ሰው ለአከራዩ አቤት ቢል መባረርን ስለሚፈራ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ የሚሰብረው በሕግ የተያዘ ወንበር ነው።

ስለዚህ ኬንያ በማርች 2025 ሥራ ላይ ያዋለችውን አዲሱን ብሔራዊ የሕንፃ ደንብ የሚያስፈጽመው አካል ሲደራጅ፣ ቢያንስ አንድ የርዕደ መሬት ተመራማሪ፣ አንድ የነፍስ አድን ባለሙያ፣ አንድ የካውንቲ ተቆጣጣሪና ሁለት የተከራዮች ተወካዮች ስማቸው ተጠርቶ በሕጉ ሊገቡ ይገባል። የተከራዮቹን ተወካዮች ሚኒስትሩ ሊመርጣቸው አይገባም፤ እንደ ሁሩማና ማታሬ ባሉ ሰፈሮች ያሉ ነዋሪዎች ራሳቸው ይምረጧቸው።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲናወጥ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሌሊት ከፎቅ ወርዷል። ሁለቱ ከተሞች የቆሙት በአንዱ ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው፤ ሽቅብ የሚያድጉትም በተመሳሳይ ጥድፊያ ነው። በእኛም አገር ርዕደ መሬትን የሚያጠናው በዩኒቨርሲቲ፣ ፈቃድ የሚሰጠው በማዘጋጃ ቤት፣ አደጋ የሚያስተናግደው በኮሚሽን፣ እያንዳንዱ በየግቢው ነው።

ወንበር ብቻውን ደግሞ አይበቃም። አዲሱ አባል የምርመራ ውጤት እንዲወጣ የማስገደድ መብት ይኑረው፦ አስጊ የተባለ ሕንፃ በር ላይ ውጤቱ ተከራዮቹ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በናይሮቢ በስዋሂሊ፣ በአዲስ አበባ በአማርኛ ይለጠፍ፤ ያን ወረቀት ያልለጠፈ አከራይም የወሩን ኪራይ የመጠየቅ መብት አይኑረው።