ልጅ የአባቱ አፍ አይሁን

ከአገራችን ወጥተን በባሕር ማዶ በምንኖር አባቶች መካከል አንድ ልማድ ገብቶ ሥር ሰድዷል። ይኸውም የወተት ጥርሱ ገና ያልረገፈውን ልጅ እየመሩ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ኪራይ ቢሮና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መውሰድና «ተናገርልኝ» ማለት ነው። ነገሩን እንደ ነውር የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም በሠርግና በማኅበር ላይ አባቶች ሲጫወቱ «የኔ ልጅ እኮ ገና በሰባት ዓመቱ ጉዳዬን ሁሉ እሱ ነው የሚጨርስልኝ» እያሉ ሲኩራሩ ይሰማል። እኔ ግን ይህ ጉዳት እንጂ ኩራት አይደለም እላለሁ። ለአባቶች መጻፍ ሲገባህ ለኛ ለወጣቶች የምትጽፈው ስለ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሸክሙን የተሸከማችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ምን እንደተጫናችሁ ልታውቁት ስለሚገባ ነው።

እኔ ራሴ በሚሲዮን ተማሪ ቤት ስላደግሁ እንግሊዝኛ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል፤ ስለዚህ ይህ ሸክም በልጆቼ ጫንቃ ላይ አልወደቀም። በዚህ አልመካም፤ ዕድል እንጂ ብልኃት አይደለም። ነገር ግን በአገር ቤትም በውጭም ከሠላሳ ዓመት በላይ በማስተማር ሥራ ቆይቼ ጡረታ ስለወጣሁ፣ ልጅ ምን መሸከም እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልጁ ፊት አንብቤ አውቃለሁ።

በተማሪ ቤታችን እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቍጥር የሚያስተረጕሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰባኪው ያልገባቸውን ቃል ሲናገር እጃቸውን አንሥተው «ቆይ፣ ይህን ድገምልኝ» ይሉት ነበር። ጉባኤው ሁሉ እያያቸው አያፍሩም፤ ሲደገምላቸውም ካልገባቸው ሁለተኛ ይጠይቃሉ። የአስተርጓሚነት ክብሩ በዚያች ጥያቄ ላይ ነው። አሁን የስምንት ዓመት ልጅ ነጭ ካባ ለለበሰ ሐኪም «ቆይ፣ አልገባኝም» ይላልን? አይልም። ያልገባውን ይዘለዋል፤ ወይም የመሰለውን ይናገራል። አባትም በዚህ በኩል የተባለውን ስለማያውቅ፣ ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ ባየ ጊዜ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል።

የትርጕም ስሕተት ምን እንደሚያመጣ ከማንም ይልቅ ሊያውቅ የሚገባው የኛ ሕዝብ ነበር። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ጽሑፍ ዳግማዊ ምኒልክ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን እንደ ግዴታ አድርጎ አሰፈረው። ከዚህ ከአንድ ግሥ ልዩነት የተነሣው ክርክር እየሰፋ ሄዶ በየካቲት 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ በደም ተቈረጠ። ስለ አንድ ግሥ ያን ያህል የተከራከሩ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ዛሬ የኪራይ ውላቸውን፣ የሕመማቸውን ወረቀትና በዳኛ ፊት የሚሰጡትን ቃል በሙሉ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ አስረክበው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ስለ ሰዓት ብቻ እንኳ እንነጋገር። ፈረንጅ ሰዓቱን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምሮ ነው፤ እኛ ከፀሐይ መውጣትና መግባት። ሐኪሙ «ነገ በስምንት ሰዓት ምግብ ሳትቀምስ ና» ቢል የጧቱን ማለቱ ነው፤ ይህም በኛ አቈጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ልጁ ቍጥሩን እንዳለ ካወረደው አባት እስከ ቀትር በኋላ ጾሙን ውሎ ይደርሳል፤ ቀጠሮው ግን ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። «በየስምንት ሰዓቱ ዋጥ» እና «በስምንት ሰዓት ዋጥ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ባንዱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሌላው አንድ ጊዜ ይሆናል። የዘመን አቈጣጠሩም እንደዚሁ ነው። በጥር 1952 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የ1960 ሰው ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ የሰማውን ቍጥር በቅጹ ላይ ቢሞላ አባቱን በአንድ ደቂቃ ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ አንዴ በመዝገብ የገባውን ዕድሜ ማቃናት ደግሞ የሚያደርሰውን መጕላላት የቀመሰው ያውቀዋል።

የሕመም ስሞቻችንማ ለአዋቂም አይገፉም። «ደም ብዛት አለብኝ» የሚለውን ቃል በቃል ለሚያወርድ ልጅ አባቱ ብዙ ደም ያለው ሰው ነው። «ስኳር አለብኝ» የሚለው በኪሱ ስኳር የያዘ ይመስላል። «ምች መታኝ» ለሚለው ምን ሊል ነው? አንዲት እናት አገሯና ዘመዶቿ ትዝ እያሏት «ሆድ ይብሰኛል» ብትል፣ ልጇ የሚያውቀው ሆድ የምግብ መቀመጫውን ስለሆነ፣ ሐኪሙ ሆዷን ሲደባብስና ሲያስነሣ ይውላል። ኀዘኗን ማንም አልሰማላትም።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። እኔ በማውቀው ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ እናቷን ተከትላ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙም በእናቲቱ ጡት ውስጥ እብጠት እንደተገኘና ካንሰር ሊሆን እንደሚችል፣ ስለዚህም በቶሎ ተመልሳ እንድትመረመር ለልጅቷ ነገራት። ልጅቷም ወደ እናቷ ዘወር ብላ «ደኅና ነሽ ይላል፤ ግን ሌላ ቀን ደግሞ ነይ ይላል» አለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ብቻዋን ይዛ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣች፤ በክፍል ውስጥ እንባዋ ሲወርድ ያየች መምህርት ጠርታ እስክትጠይቃት ድረስ። ልጅቷ ዋሸች የሚል ሰው ካለ ፍርዱ ጠማማ ነው። ልጅቷ ያደረገችው አገሯ የሚያደርገውን ነው። በአገራችን መርዶ የሚያረዳው ማን ነው? ሽማግሎች ተመካክረው፣ የነገሩን ክብደት መዝነው፣ ብዙ ሆነው በማለዳ ይሄዳሉ፤ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሆን፣ ሲወድቅ የሚይዘው እንዳይጠፋ አስቀድመው ያዘጋጃሉ። ብቻውን ሂድና አርዳ የተባለ ሕፃን ሰምቼም አላውቅም። እኛ ግን ባሕር ከተሻገርን ወዲህ ሽማግሎች በብዛት የሚሸከሙትን በዐሥር ዓመት ልጅ ምላስ ላይ አስቀመጥነው።

አሁን ወደ አባት ክብር ልምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ አባቶች «ልጆቻችን አያከብሩንም፣ አገሩ አበላሻቸው» እያሉ ሲያማርሩ እሰማለሁ። እንግሊዝኛ ለንጉሥም ለእረኛም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። የኛ ቋንቋ ግን አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ እያለ ሰውን በየማዕርጉ ያስቀምጣል። በባሕር ማዶ ያደገ ልጅ አማርኛን የሚሰማው ለእሱ ሲነገር ብቻ ነው፦ ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል። ለታላቅ እንዴት እንደሚነገር የሚሰማበት አያት፣ ጎረቤት፣ የክርስትና አባት በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያዘውን ሁሉ በሚያውቃት በዚያችው አንቀጽ ያወርደዋል፦ ልብስህን አውልቅ፤ አፍህን ክፈት፤ መጠጥ ተው። አባት በሰው ፊት በልጁ አንደበት ታዝዞ ልብሱን ያወልቃል። ማታ ቤት ከገቡ በኋላ ይኸው አባት «የቤት ሥራህን ሥራ» ሲል ቃሉ ምን ያህል ክብደት ይኖረዋል? የቤቱ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ ልጁ ቀን አይቶታል። አገሩ ልጆቻችሁን አበላሸ የምትሉ አባቶች ሆይ፣ በትረ መኰንናችሁን በገዛ እጃችሁ ያስረከባችሁት ማን ሆነና ነው?

በአንድ የወላጆች ቀን መምህሯ ስለ አንድ ተማሪ «ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤት ሥራ አላመጣም» ስትል፣ ተማሪው ራሱ ለአባቱ «በጣም ጎበዝ ነው ትላለች» ብሎ ሲያስተረጕም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባትም ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨብጠው መምህሯን እጅ ነሷት። እሷም ግራ ተጋብታ ወደኔ ተመለከተች። እኔ በዚያ ስለነበርሁ ነገሩ ተቃና፤ በሌሎቹ ክፍሎች ስንት ሰነፍ በዚያ ቀን ጎበዝ ተብሎ ወደ ቤቱ እንደሄደ እግዚአብሔር ይወቀው።

ይህ ነገር በአሜሪካን ብቻ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአንድ ቀን ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ በመንደራቸው ነገር ቈርጠው ባላጋራ ያስታረቁ የነበሩ ሽማግሎች ዕብራይስጡን ከነሱ ቀድመው በያዙ ልጆች ፊት አፍ የሌላቸው ሰዎች ሆነው ቆይተዋል። ጠቢቡ ሰው ባንድ ሌሊት በረራ ተጠያቂ ሕፃን ሆነ፤ ሕፃኑ ደግሞ ሽማግሌ።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ቋንቋውን አናውቅም፤ ሁለት ሥራ እየሠራን ተማሪ ቤት መቼ እንገባለን?» የሚለው መልስ እውነት አለው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ልጁ ብቸኛ መንገድ ነው ማለት እውነት አይደለም። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ፤ ዋና ዋና ወረቀቶች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። በሕክምናም በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መነሻነት በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀም ከልክሏል፤ የፈቀደውም ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ሲደርስና ሌላ አስተርጓሚ በቶሎ ሲታጣ ብቻ ነው። ይህን ያወጡት ባዕዳን ናቸው። ለልጃችን ባዕድ ሲራራለት እኛ እንኮራበታለን! (ደግሞም እንዲህ ያለው መብት እንደ ድንጋይ የጸና አይምሰላችሁ፤ ስለ ቋንቋ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በ2025 ተሽሯል። ያለውን የማይጠቀምበት ሰው ሲወሰድበትም አያውቅም።)

ሌላው ምክንያት ምስጢር ነው። «የሚመጣው አስተርጓሚ የኛው ሰው ነው፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ ገመናዬ በከተማው ይወራል» ይላሉ። የሐበሻን ወሬ ፍጥነት እኔም አልክድም። ይሁን እንጂ ሐኪም ቤት የሚያቀርበው አስተርጓሚ ምስጢር እንዲጠብቅ ግዴታ አለበት፤ በስልክ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሕር ዳርቻውን እንኳ አይታችሁት በማታውቁት ክፍለ ግዛት የተቀመጠ፣ ፊታችሁን የማያይ ሰው ነው። ልጃችሁ ግን በየቀኑ ፊታችሁን ያያል። አባቱ ስላለበት ዕዳ፣ እናቱ ስላጣችው ፅንስ የሰማውን እስከ ሽበቱ ተሸክሞት ይኖራል።

አንድ ጎረቤቴ ሴት ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞላት ጊዜ በቤት ኪራይ ጉዳይ ተከሶ «ልጅህን ለአንድ ቀን አውሰኝ» አለኝ፤ ልክ ወንፊት እንደሚዋስ ሰው። ልጄን አላውስህም፣ እኔ ግን አብሬህ እሄዳለሁ፤ ለፍርድ ቤቱም አስተርጓሚ እንዲያቀርብ አስቀድመን እንጠይቃለን አልሁት። ተቀየመኝ። አራት ወር ሙሉ በደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አልሰጠኝም። ቂሙ ግን ልጄ አንድን ጎልማሳ ከቤቱ ሲያስወጡት ቆማ ቃሉን ከማውረድ ይሻላል አልሁ፤ ዛሬም እንደዚያው እላለሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ያነበባችሁ ለወላጆቻችሁ አንደበታችሁን ሁሉ ዝጉ ያልሁ እንዳይመስላችሁ። በገበያ የዕቃ ዋጋ መጠየቅ፣ የአውቶቡስ መንገድ ማንበብ፣ ከተማሪ ቤት ስለ ሽርሽር የመጣ ደብዳቤ ምን እንደሚል መንገር ልጅ ለወላጁ የሚያደርገው ደስ የሚል አገልግሎት ነው፤ ይህንም የሚለግም ልጅ ካለ ያሳፍራል። የምለው ስለ በሽታ፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ዕዳ፣ እንዲሁም ስለ ራሳችሁ ጥፋት በሚነገርበት ስፍራ ነው። በዚያ ቦታ ፊታችሁን ሳታኮማትሩ፣ በትሕትና «አባባ፣ ይህ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ አስተርጓሚ ይጥሩልዎ» ማለት ትችላላችሁ። እንዲህ ስትሉም ያችን «ይጥሩልዎ» የምትለውን አንቀጽ አትዝለሏት፤ «ይጥሩልህ» ያለ ልጅ ነገሩን ሳይጨርስ ቍጣ ይቀድመዋል።

ባለፈው ክረምት በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ መሥሪያ ቤት ተራዬን ስጠብቅ አንዲት የዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ይህንኑ ስታደርግ አየሁ። በመስኮቱ ላይ የቋንቋዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አባቷን እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን «አማርኛ» በሚለው ላይ አሳረፈችው። ጸሐፊዋም ስልኩን አነሣች፤ ጥቂት ቆይቶ ከዚያ ውስጥ የአንድ ሴት ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ማን ልበል?» አለ። ሰውዬው ኮታቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡና ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ። ከዚያም ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ጉዳያቸውን አስረዱ፤ ሁለት ጊዜም «እንደሱ አይደለም፤ ደግመሽ ንገሪልኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። ልጅቷ በመተላለፊያው ወንበር ላይ ተቀምጣ የሒሳብ ደብተሯን አውጥታ ነበር።