ወንፈል የማይመልስ ጎረቤት

ነገሩ የሆነው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። በኮምፒውተሩ ስክሪን ቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ ዊንዶውስ «አክቲቬት» እንዲደረግ የሚያሳስበው ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ከዓመት በላይ ተለጥፎ ኖሯል፤ ሠራተኛዋ ለምዳው አታየውም። ማሽኑ መንቀራፈፍ ሲያበዛ የአይቲው ልጅ ተጠራ። ፍላሹን ሰክቶ «ፎርማት ላድርግልዎትና ይገላገሉ፣ እትዬ» አላት። ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚያሠራውን፣ ከቴሌግራም ያወረደውን ክራክ ከመጫኑ በፊት ግን ጸረ ቫይረሱን አጠፋ። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው ሳቅ ብሎ «ካላጠፋሁትማ ሌባ ነው ብሎ ይይዘዋል» አለን።

ጸረ ቫይረሱ አልተሳሳተም። የዜጎች ማኅደር በሚተየብበት ማሽን ላይ ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደደበቀበት የማይታወቅ ፕሮግራም እንዲገባ በሩን የከፈትነው በገዛ እጃችን ነው። ልጁን አንወቅሰውም። ፈቃዱ የሚሸጠው በዶላር፣ የመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚያዘው በብር ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ነገ ጠዋት ሥራ መጀመር አለበት። በዚህ መሐል የተቀረቀረ ባለሙያ ሌላ ምን ያድርግ?

ከጥቅምት ወዲህ ነገሩ ብሷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ዕድሜ የጠገቡት የየቢሮው ማሽኖች ይህን ከየት ያምጡት። እንግዲህ ያለው መንገድ ወይ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት፣ ወይ ቀዳዳው ከእንግዲህ በማይደፈን ሥርዓት መቀጠል፣ ወይ እንደ ሊኑክስ ወዳለ ክፍት ሥርዓት መዛወር ነው። አብዛኛው ቢሮ መካከለኛውን የመረጠ ይመስለናል፤ ያውም ምርጫ መኖሩን ሳያውቅ።

ግርምቱ ይኸው መንግሥት ትልልቅ ሥራዎቹን የሠራው በክፍት ሶፍትዌር መሆኑ ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ መድረክ ላይ ነው። መድረኩ እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ባንጋሎር ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተነሣ ሲሆን፣ የፈለገ አገር ኮዱን ወስዶ ሊያነበውና ሊለውጠው ይችላል። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያውና ከየሆስፒታሉ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2ም እንደዚሁ ነው፤ ሥሩ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ግንዱ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ። ይህ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ጳጉሜን ያውቃል! ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ገዝተን በጎን ኤክሴል እየከፈትን ቀን ስንቆጥር ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ 13ኛ ወር እንዲጨመርልን ደብዳቤ ጽፈን፣ ዋጋ ተጠይቀን፣ ተራ ስንጠብቅ እንገኝ ነበር።

ክፍት ሶፍትዌር ብዙ ሰው በጋራ የሚሠራው ነው። ገበሬው ለዚህ ዓይነቱ የጋራ ሥራ ከአንድ በላይ ስም አለው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላና ምሳ ያቀርባል፤ ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ፣ እየዘፈነ ሠርቶለት ይሄዳል። ወንፈል ግን ሒሳብ አለው፤ ዛሬ የእኔን ማሳ ያረመ ሰው ማሳው ሲደርስ እኔን ይጠብቃል፣ ቀን ለቀን። አጠራሩ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም ያልመለሰ ሰው ስሙ እንደሚነሳ የትም ቢሆን የታወቀ ነው። እኛ ክፍት ሶፍትዌርን ያየነው እንደ ደቦ ነው፤ ያውም ከሚበላው ወገን ተቀምጠን። ሥራው ግን ወንፈል ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ልቡ ሊኑክስ ነው። እዚህ ያደረሰውም የወሰደውን አሻሽሎ የመለሰ ሰው ብዛት ነው፤ ከመላሾቹም ብዙዎቹ ለዚሁ ሥራ በኩባንያ ደመወዝ የሚከፈላቸው ናቸው።

ቋንቋችንም ትንሽ ሳያሳስተን አልቀረም። «ነጻ» አንድም ክፍያ የሌለው ነው፣ አንድም ጌታ የሌለበት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን ሲያስጀምር የእንግሊዝኛው ቃል ይህንኑ መንታነት ይዞበት ስለነበር፣ ስለ ነጻነት እንጂ ስለ ዋጋ እንዳልተናገረ ሲያስረዳ ኖሯል። እኛም ሰሙን ይዘን ወርቁን ጣልነው። ክራኩንም ሊኑክሱንም በአንድ ከረጢት የከተትናቸው ሁለቱም «በነጻ» ስለተገኙ ነው፤ አንዱ የተሰረቀ፣ ሌላው የተሰጠ መሆኑን የጠየቀ የለም።

ወንፈሉ የማይመለስበት መንደር ምን እንደሚደርስበት ለማየት የኤክስዜድን ነገር ማንሳት ይበቃል። ኤክስዜድ ፋይል አጭቆ የሚያሳንስ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት የተንከባከበው ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ሲሆን፣ ሥራው ደመወዝ የለውም፤ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች በአደባባይ ያጣድፉት ጀመር። ሥራው ለምን ዘገየ፣ ካልቻልክ ለሚችል ልቀቅ ነው መንፈሱ። እሱም የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት፣ ሥራውም ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን አስታወሳቸው።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ትሑት አጋዥ መጥቶ ነበር። ማስተካከያ ይልካል፣ ይታገሣል፣ የደከመውን ያሳርፋል። እንዲህ እያለ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቶ እምነት አገኘ፤ ቁልፉም እጁ ገባ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ። በሩ ሳይታወቅ ተሠራጭቶ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን የያዘው ሰው በየአገሩ ያሉ ሰርቨሮችን ያለ ይለፍ ቃል ማዘዝ ይችል ነበር። ያን ጊዜ ሲያጣድፉ የነበሩትም የእሱ ግብረ አበሮች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይጠረጠራል። ጂያ ታን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሌባውን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ፣ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። በመሞከሪያ ማሽኑ ላይ ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መግቢያ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና የምናፈላ እኛ ልብም አንለው። እሱ ግን ለምን ብሎ ቆፈረ፤ ኮዱ ክፍት ነበርና ቆፍሮ ደረሰበት። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም አሳወቀ፤ የጓሮው በርም ብዙኃኑ ወደሚጠቀምባቸው የተረጋጉ የሊኑክስ ስሪቶች ሳይደርስ ተዘጋ።

«ይኸው፣ ክፍት ነገር አይታመንም» የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል። እኛ የምናነበው ሌላ ነው። ሌባው የገባው ጠባቂው ብቻውን ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝም ዓለም ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድረ ገጾች የሚቆለፉበት ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት ያገኝ የነበረው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ያ የማጣደፍ ቃናም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዋጋ ያልጠየቀበትን የአማርኛ መተግበሪያ የሠራ ወጣት አንድ ቀን ቢበላሽበት በአስተያየት መስጫው ላይ የሚወርድበትን ስድብ ያየ ያውቀዋል። ያልቀጠርነውን ሰው እንደ አሽከር እናዝዘዋለን።

ወደ ገዛ ቤታችን፣ ወደ ጋዜጣችን እንመለስ። በቅርቡ አንድ ባልደረባችን በ1990ዎቹ የወጣ ዜና ፍለጋ ከመጋዘን የቆየ ሲዲ አወጣ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ጽሑፉ ግን የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና የቅንፍ ዝባዝንኬ ሆኖ መጣ። ያኔ የምንጽፍበት የግዕዝ ፕሮግራም እያንዳንዱን ፊደል በራሱ በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጥ ነበር፤ የሌላው ቤት ፕሮግራም በሌላ ቦታ። አንዱ ጋ «ሀ» የሆነው ሌላው ጋ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚነግር ሠንጠረዥ ከፕሮግራሙ ጋር አልተሰጠንም፤ እኛም ስንገዛ አልጠየቅንም። እነሆ የጻፍነውን ማንበብ አቃተን።

ከዚህ ጣጣ ያወጣን ሁሉም የሚጋራው ክፍት ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ቁምፊዎች ሲያስገባ «ሀ» በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ የታወቀ ቦታ አገኘ። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያሉ በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ቅርጸ ፊደሎች፣ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ኪማን ለተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ያዘጋጃቸው የመተየቢያ ገበታዎች በዚህ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ዋሽንግተን ያለ ልጅ ደብረ ማርቆስ ላሉት እናቱ «እንዴት አደርሽ እማ» ብሎ ሲጽፍ ፊደሉ ሣጥን ሆኖ የማይደርሰው የደከመበት ሰው ስላለ ነው።

የተቃዋሚውን ክርክር አንንቅም። «ሲበላሽ ማንን እንጠራለን?» ተገቢ ጥያቄ ነው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ለዓመታት ደክማ 15,000 ያህል ኮምፒውተሮቿን ወደ ሊኑክስ ካዛወረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንድትመለስ ወሰነ። ሠራተኛ የለመደውን ሲያጣ ያማርራል፤ ሹም ሲለወጥ ፍላጎት ይለወጣል። በዚያው አገር የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት ደግሞ 30,000 ያህል ሠራተኞቿን ሊብሬኦፊስ ወደተባለው ክፍት የቢሮ ፕሮግራም ለማሻገር ተነሥታለች። ስለዚህ ነገ ጠዋት በየቢሮው ሊኑክስ ይጫን አንልም። ማሽናቸው ለዊንዶውስ 11 የማይበቃ፣ ሥራቸውም ደብዳቤ መተየብና ድረ ገጽ መክፈት የሆነ ክፍሎች ግን በዚያ ቢጀምሩ ከክራኩ የከፋ ነገር አይገጥማቸውም። አገራችን ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ለዓመታት ስትደራደር ኖራለች፤ የአእምሮአዊ ንብረት ግዴታው አብሮ እንደሚመጣ እየታወቀ የመንግሥት ቢሮ በክራክ መሥራቱ ለማንም አይበጅም።

ዋናው ጥያቄያችን ሌላ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሶፍትዌር ኮዱ የሕዝብ ይሁን። ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት ከፍሎ ያሠራል፤ ውሉ ሲያልቅ ኮዱ ከሠሪው ዘንድ ይቀራል፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀረው የይለፍ ቃልና የጥገና ደረሰኝ ነው። አንዱ ከተማ ያሠራውን የግብር መሰብሰቢያ ሌላው ከተማ ከዜሮ ያሠራል፤ ሕዝቡ ላንድ ዕቃ ሁለቴ ይከፍላል። ይህን ለማስቀረት በግዥ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር በቂ ነው፤ ለደኅንነት ሲባል መዘጋት ያለበት ካለ ምክንያቱ ተጽፎ ይዘጋ።

ወንፈሉም ይመለስ። ፋይዳን የመሳሰሉ ሥርዓቶችን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎቻችን ያሻሻሉትን ወደ ምንጩ መላካቸው በሥራ መዘርዝራቸው ላይ ይግባ፤ ሲመሽ በግል ትጋት የሚሠራ ጽድቅ አይሁን። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም እዚህ ጋ ይገናኛል። ሰርተፍኬት ማግኘት መልካም ነው። ኮድ የሚለመደው ግን ሌላው የጻፈውን አንብቦ፣ ስህተት አግኝቶ፣ ማስተካከያ ልኮ፣ «ይህ አይሆንም» ተብሎ ሲመለስበት ነው። የአማርኛ ቃላት አራሚ ማሻሻል፣ የተሳሳተ ትርጉም ማረም፣ የጳጉሜን ሒሳብ መፈተሽ፤ ሥራ ሞልቷል፤ የዶላር ፈቃድም አይጠይቅም።

ይህን ስንጽፍ እጃችን ንጹሕ ሆኖ አይደለም። ይህ ጋዜጣ ገጹን ለዓመታት ያቀናበረው ባልከፈለበት ፕሮግራም ነው። ዘንድሮ ሁለት ገጾችን በክፍት ፕሮግራም ልንሠራ ሞክረን፣ ባለመልመዳችን እስከ እኩለ ሌሊት አመሸን፤ የሌይአውት ባለሙያችን እስካሁን ይቅር አላለንም። በሚመጣው ወር አራት ገጽ እንሞክራለን።

የሲዲው ነገር ግን ፈር ይዟል። ባልደረባችን የታተመውን ጋዜጣ ከጎኑ ዘርግቶ፣ ከስክሪኑ ዝባዝንኬ ጋር ፊደል በፊደል እያመሳከረ ሠንጠረዥ ሠርቷል። 270 ያህል መስመር አለው። 11ዱ ገና አልተፈቱም፤ «ኋ» እና «ጓ» አምታተውታል። ሠንጠረዡንም፣ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጠውን አጭር ፕሮግራምም በክፍት ፈቃድ ለቅቀናቸዋል። በዚያ ዘመን የተጻፈ፣ ዛሬ የማይነበብ ፋይል በቤቱ ያለው ሰው ይውሰዳቸው። የቀሩትን 11 የፈታ ደግሞ ይላክልን።