ኅብርና ዘመን፦ የቤተ ክርስቲያን ዓመት ቀለማት በጎጃም ደጋ እንዴት ይጠኑ?

ስለ ክርስትና ዓመታዊ በዓላት ቀለማት የሚጽፉ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ሰንጠረዥ ይዘው ይነሣሉ፤ ሐምራዊ ለጾም፣ ነጭ ለልደትና ለትንሣኤ፣ ቀይ ለሰማዕታት፣ አረንጓዴ ለቀሪው ጊዜ። ሰንጠረዡ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ኋላ ኢኖሰንት 3ኛ ተብለው የሮም ጳጳስ የሆኑት ሊቅ ነጭን፣ ቀይን፣ ጥቁርንና አረንጓዴን ዋና ቀለማት አድርገው ዘረዘሩ፤ በ1570 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮም መጽሐፈ ቅዳሴም ሥርዓቱን አጸናው። ይህን መለኪያ ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ወዳሉት አድባራት የሚሄድ አጥኚ ግን አብዛኛውን ሰንጠረዥ ሳይሞላ ይመለሳል። ያልተሞላውን ቦታ እንደ ሥርዓት ጉድለት መቍጠር ስሕተት ነው፤ ጉድለቱ የመለኪያው ነውና።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዘመን መለወጥ አስቀድሞ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ዝማሬው በመቋሚያ ይመራል፤ ድጓው ለጾመ ድጓ ቦታውን ይለቃል። ዐይኑ የማያይ ምእመን እንኳ ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ቆሞ ጾም መግባቱን ይረዳል።

በሰሙነ ሕማማት ጥቁር፣ በትንሣኤ ነጭ መልበስ የቀለም ሥርዓት መኖሩን አያሳይምን? የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእርግጥ ያሳያል፤ ነገር ግን ሁለት ጫፎች ዓመቱን ሁሉ አይሞሉም። በተጨማሪም መጋረጃው፣ ልብሰ ተክህኖውና ጥላው ብዙ ጊዜ የምእመናን ስእለት ነው። ስለዚህ በአንድ በዓል ቀን የታየው ቀይ ከፋይ የሰማዕቱን ደም ያመለክታል ከማለት በፊት፣ ማን፣ መቼና ስለ ምን እንደሰጠው መጠየቅ ይገባል። ሰጪው ቀለሙን የመረጠው ከመደብሩ ያንን ብቻ ስላገኘ ሊሆን ይችላል።

ከጨርቅ ይልቅ ዘመንን አጥብቆ የሚይዘው ቀለም ከምድር የሚበቅለው ነው። መስከረም በአደይ አበባ ቢጫ ይገባል፤ ደመራውም በእርሱ ያጌጣል። በሆሣዕና ዘንባባ ይያዛል። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ የሚያድሉት ቄጠማ በራስ ላይ ይታሰራል፤ ትርጓሜውም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ካበሠረችው ርግብ ጋር ይያያዛል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ደግሞ የጎጃም የኑግ ማሳ ከሚያብብበት ወቅት ጋር ይገጥማል። በዚህ ወቅት የሚዘመረው፣ የአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት መሆኑ የሚነገርለት ማኅሌተ ጽጌ አረንጓዴን፣ ቀይንና ነጭን በስም ይጠራል። እዚህ ቀለም የሚሰማ ቃል ሆኗል።

ጎጃም ለዚህ ጥናት የተለየ ዕድል ያላት በዚህ ምክንያት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ዋሸራ የቅኔ መፍለቂያዎች ናቸው። በግእዝ «ኅብር» መልክና ቀለም ማለት ነው፤ በቅኔ ቤት ግን አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር የሚሸከምበት የቅኔ መንገድም በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛም «ቀለም» መንከሪያውን፣ የጽሕፈቱን ጥቁርና ቀይ፣ ትምህርቱንም ይጠራል። የተማረው ሰው «የቀለም ቀንድ» ይባላል። አንድ ቀለም አንድ ትርጉም የሚለው ሰንጠረዥ ኅብርን ከሚያስተምር ጉባኤ ጋር የማይስማማው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የአሠራር ለውጥ ግልጽ ነው። የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የታየውን ቀለም ከዕለቱ፣ ከተዘመረው ክፍል፣ ከመሣሪያው መኖር ወይም ዝምታና ከሰጪው ስእለት ጋር አንድ ላይ ይመዝግቡ፤ መጠይቃቸውንም የመሪጌቶችን ቃላት ተከትለው ያዘጋጁ። ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም። ጨርቁ ቢያረጅ በሌላ ይተካል፤ ትርጓሜውን በቃላቸው የያዙት መምህራን ሳይጠየቁ ካለፉ ግን የሚቀረው በውጭ መለኪያ የተሞላ ሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ የሚመጣው አጥኚም እርሱን እንደ ምንጭ ይጠቅሰዋል።